የ18 ዓመቱ ሽማግሌ

ቅዳሜ ረፋድ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በሉት ሲያትል፣ ቤቱ የሐበሻ ቤት ነው። ቡናው ተቆልቷል፣ ጭሱ ኮሪደሩ ድረስ ወጥቷል። በር ይንኳኳል። ሲከፈት ሁለት ጎረምሶች ቆመዋል። ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር ባጅ። እማማ እንግዳ ከበር መመለስ አያውቁበትም።

«ግቡ ልጆቼ፣ ቡና ደርሷል።»

«እናመሰግናለን፣ ቡና አንጠጣም።»

«እሺ ሻይ ላፍላላችሁ።»

«ሻይም አንጠጣም።»

«ኧረ ግቡና ውሃ እንኳ ቅመሱ!»

«ቤት ውስጥ ሌላ ትልቅ ወንድ ከሌለ መግባት አይፈቀድልንም።»

እማማ በሩን ዘግተው ሲመለሱ ግራ ገብቷቸዋል። «የማን ልጆች ናቸው? እናት የላቸውም እንዴ?»

እናትማ አላቸው። በሳምንት አንድ ቀን በስልክ ያወሯታል። ከ2019 በፊት ቢሆን ኖሮ በዓመት ሁለቴ ብቻ ነበር፤ በገናና በእናቶች ቀን። እነዚህ ልጆች የሞርሞን ሚስዮናውያን ናቸው። ብዙዎቻችን በር ላይ አይተናቸዋል፤ ስለ ኑሯቸው ግን የምናውቀው ነገር ከባጁ አያልፍም። እስቲ ከባጁ ጀርባ ያለውን እንየው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ስሙ። «ሞርሞን» ሌሎች ያወጡላቸው ቅጽል ስም ነው። ሙሉ ስሟ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ነው። በ2018 የያኔው ፕሬዚዳንት ራስል ኔልሰን «በቅጽል ስም አትጥሩን» ብለው ምእመኑንም ጋዜጠኛውንም ጠይቀዋል። እኔ እዚህ ሞርሞን የምለው ሰው የሚያውቃቸው በዚያ ስለሆነ ነው። ቤተክርስቲያኒቱን በ1830 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ የመሠረታት ጆሴፍ ስሚዝ የሚባል የ24 ዓመት ወጣት ነው። ዛሬ መቀመጫዋ ዩታ ውስጥ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። በ2024 መጨረሻ አባላቷ 17.5 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን መፅሐፈ ሞርሞን የሚባል ሌላ ቅዱስ መጽሐፍ አላቸው። በእነሱ እምነት ጥንት አሜሪካ ምድር የነበሩ ነቢያት የጻፉት ነው፤ ስሚዝም ከወርቅ ሰሌዳዎች ላይ በአምላክ ኃይል ተረጎመው።

መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት በወጣ በጥቂት ወር ውስጥ የስሚዝ ታናሽ ወንድም ሳሙኤል ጥቂቱን በቦርሳው ይዞ በእግሩ ወጣ። ገዢ አላገኘም ማለት ይቻላል። በሩን የሚዘጋበት ብዙ ነበር። የዛሬዎቹ ልጆች የሚሄዱት በእሱ መንገድ ነው።

ባጁ ላይ የሚያስቀኝ ነገር አለ። «ኤልደር» ይላል፣ ከዚያ የአባት ስም። ኤልደር ማለት በአማርኛ ሽማግሌ ነው። ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ የ18 ዓመት ልጅ ሽማግሌ ይባላል! በክህነት ማዕረጋቸው ውስጥ አንዱ ደረጃ ስለሆነ ነው እንጂ ዕድሜን አይመለከትም። ሴቶቹ «ሲስተር» ይባላሉ። የግል ስም ሁለት ዓመት ሙሉ ከጥቅም ውጪ ነው። አብሮት የሚያድረው ልጅ እንኳ በስሙ አይጠራውም።

ይሄን ኑሮ ለሐበሻ ለማስረዳት የቆሎ ተማሪን የመሰለ ምሳሌ አላገኘሁም። የቆሎ ተማሪም በልጅነቱ ከቤቱ ይወጣል። ሀገር ያቋርጣል። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ውሻ ያሯሩጠዋል፣ ባለቤቱ ይገላምጠዋል፣ ማታ ጎጆው ተመልሶ ቅኔውን ይቀጽላል። ቁራሽ ፍለጋው ራሱ የትምህርቱ አካል ነው፤ ትዕቢቱን የሚሰብርለት ደጃፉ ነው። ይህን ምሳሌ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። አንድ ልዩነት ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ። የቆሎ ተማሪ ደጅ የሚጠናው ሊቀበል ነው። የሞርሞኑ ልጅ ደጅ የሚጠናው ሊሰጥ ነው፤ ለዚያውም ከኪሱ ከፍሎ።

አዎ፣ ከፍሎ። ደመወዝ የለውም። ከአሜሪካ የሚወጣ ሚስዮናዊ ከ2020 አጋማሽ ጀምሮ የተተመነለት በወር 500 ዶላር ነው። ከዚያ በፊት 400 ነበር። የ24 ወሩን ስታሰሉት 12,000 ዶላር ይመጣል። ብዙዎቹ ከሕፃንነታቸው ጀምረው ያጠራቅማሉ፤ ሣር አጭደው፣ በረዶ ጠርገው፣ ሱቅ ሠርተው። የጎደለውን ቤተሰብ ይሞላል፣ ቤተሰብ ካቃተው የሰፈሩ ምእመን ያዋጣል። ቶኪዮ ይላክ ካምፓላ ሒሳቡ አንድ ነው። ድሮ ግን እንደ ከተማው ይለያይ ነበር። ልጁ ጃፓን የደረሰው ወላጅ ጉዱ ፈላ፣ ርካሽ ሀገር የደረሰው እፎይ አለ።

እንዴት ይመረጣሉ? ልጁ ማመልከቻ ይሞላል። ሐኪም ያየዋል፣ ጥርሱም ይታያል። ከዚያ የሰፈሩ ቢሾፕ ለብቻው ይጠራዋል። ቢሾፕ ሲባል ካባ የደረበ ጳጳስ አትጠብቁ። ሥራ ያለው፣ ቤተሰብ ያለው፣ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል የሰፈር ሰው ነው። ጥያቄው ግን አይቀርም፦ ትጠጣለህ? ታጨሳለህ? አስራትህን ትከፍላለህ? ከሴት ጋር ያለህ ነገር እንዴት ነው? ካለፈ ፋይሉ ሶልት ሌክ ይሄዳል። እዚያ ከሐዋርያት አንዱ (ሐዋርያ የሚሉት ዛሬም 12 መሪዎች አሏቸው) የልጁን ፎቶና መረጃ አይቶ፣ ጸልዮ፣ ይመድበዋል። ልጁ «እዚህ ላኩኝ» ማለት አይችልም። ብራዚል ሊደርሰው ይችላል፣ ቤቱ አጠገብ ያለችው አይዳሆም ልትደርሰው ትችላለች።

ድሮ ጥሪው በትልቅ ነጭ ፖስታ ይመጣ ነበር። አሁን በኢንተርኔት ነው። ሥርዓቱ ግን አልተለወጠም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ አያት በቪዲዮ ትገባለች፣ ሁሉም ሀገር ይገምታል፣ ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል። የዲቪ ውጤት የሚከፈትበትን ቀን አስቡት።

ለወንዶች ሚስዮን ግዴታ ነው ባይባልም ከግዴታ ብዙ አይርቅም። ለሴቶች በፈቃድ ነው። ወንዱ 24 ወር፣ ሴቷ 18 ወር ታገለግላለች። በ2012 የያኔው ፕሬዚዳንት ቶማስ ሞንሰን ዕድሜውን ለወንድ ከ19 ወደ 18፣ ለሴት ከ21 ወደ 19 አወረዱት (የሴቶቹ በ2025 ወደ 18 ወርዷል)። ጎርፍ ሆነ። 58,000 ገደማ የነበረው የሚስዮናውያን ቁጥር በሁለት ዓመት ሳይሞላ ከ80,000 አለፈ። በተለይ ሴቶቹ ሆ ብለው ወጡ። በ21 ዓመት ትምህርትም ትዳርም ይጀመራል፤ በ19 ግን ሁሉም ነገር ገና ክፍት ነው። ሴቶቹ ያስተማሩትን ሰው ግን ራሳቸው ማጥመቅ አይችሉም። ክህነት የወንድ ስለሆነ ወንድ ተጠርቶ ያጠምቅላቸዋል።

ቀጥሎ ሥልጠና ነው። ትልቁ ማሠልጠኛ ዩታ ውስጥ ፕሮቮ ከተማ ነው፤ በሌሎች ሀገሮችም አሉ፣ ለምሳሌ ጋና አክራ። ቋንቋ የማይማሩት ጥቂት ሳምንት ይቆያሉ፣ አዲስ ቋንቋ የሚማሩት ሁለት ወር ገደማ። በሁለት ወር ቋንቋ ይቻላል? አይቻልም። ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ በማያውቁት ቋንቋ ጮክ ብለው እንዲጸልዩ ይደረጋሉ። ሰዋስው እስኪገባህ አትጠብቅ፣ አፍህን ክፈት ነው ነገሩ። የቀረውን በር ላይ ይማሩታል። ዩታ ሄዳችሁ ወርቃማ ፀጉር ያለው ገበሬ ታጋሎግ ወይም ፖርቱጋልኛ ሲያቀላጥፍ ብትሰሙ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ቀኑ እንምጣ።

በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ጠዋት 12፡30 ይነሳሉ። ይጸልያሉ። ግማሽ ሰዓት ስፖርት። ሻወር፣ ቁርስ። ከዚያ ለብቻ ንባብ፣ ከዚያ ከጓደኛ ጋር ጥናት፣ ቋንቋ ለሚማር የቋንቋ ጥናት። 4 ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣሉ። አንድ ሰዓት ምሳ አለ። ማታ 3 ሰዓት ገደማ ቤት ይገባሉ፣ የነገውን ያቅዳሉ፣ 4፡30 ላይ መብራት ይጠፋል። በ2017 ፕሮግራሙ ትንሽ ላላ ብሎ እንደየሀገሩ እንዲስተካከል ተፈቅዷል። ሰው ጠዋት ተኝቶ ማታ የሚነቃበት ሀገር ላይ በ4 ሰዓት በር ብታንኳኳ ማን ይከፍትልሃል?

ከ4 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ምን ይሠራሉ? በር ያንኳኳሉ። መንገድ ላይ ሰው ያናግራሉ። ብስክሌት ይነዳሉ። ነፃ የእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጣሉ። ዕቃ ለሚያጓጉዝ ጎረቤት ሶፋ ይሸከማሉ። ከቤተክርስቲያን የራቁ ምእመናን ቤት ይሄዳሉ። ከኮሮና ወዲህ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ረጅም ሰዓት ያሳልፋሉ። በ2020 ዓለም በሯን ስትዘጋ በሺህ የሚቆጠሩት ወደየሀገራቸው ተመለሱ፣ የቀሩት ክፍላቸው ተቀምጠው በስልክ መስበክ ጀመሩ። ያኔ አንድ ነገር ታወቀ። ማንኳኳት ላብ እንጂ ብዙ ፍሬ የለውም። ፍሬ ያለው ምእመኑ ራሱ የሚያስተዋውቃቸው ጓደኛና ጎረቤት ዘንድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በሩ አይደለም። ጓደኛው ነው።

ሚስዮናዊ ብቻውን አይሆንም። በጭራሽ። ሁለቱ በዓይን መተያየት፣ በጆሮ መሰማማት አለባቸው። መታጠቢያ ቤት ብቻ ነው ነፃ የሚያወጣው። አንድ ክፍል ያድራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ገበያ ይወጣሉ። ይህን ጓደኛ አንተ አትመርጠውም። የሚመርጥልህ የሚስዮኑ ፕሬዚዳንት ነው። ፕሬዚዳንቱ ከሚስቱ ጋር ለሦስት ዓመት የተመደበ፣ እንደ አባት የሚታይ ሰው ነው። በየስድስት ሳምንቱ የዝውውር ቀን ይመጣል። ስልክ ይደወላል፦ «አንተ ቆይ፣ እሱ ይሂድ።» ወይም «ነገ ሻንጣህን ይዘህ አውቶቡስ ተሳፈር።» አንዳንዱ ጓደኛ ወንድም ይሆናል። አንዳንዱ ሲያንኮራፋ ያድራል፣ ሳህን አያጥብም፣ ሁለት ሰው ፊት ያርምሃል። ስድስት ሳምንት ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ!

ለምን ሁለት? መልሱ ወንጌል ውስጥ አለ፤ ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ላካቸው። ሌላም ምክንያት አለ፣ እሱን ለማየት ሃይማኖተኛ መሆን አያስፈልግም። የ18 ዓመት ልጅን ባዕድ ከተማ ውስጥ ብቻውን ብትለቀው በሁለተኛው ሳምንት አልጋው ላይ ታገኘዋለህ። ጓደኛ ካለው ግን ሰንፎም ይነሳል፣ ከፍቶትም ይወጣል፤ ቢፈተንም የሚያይ ዓይን አለ። ጠባቂም ነው ደጋፊም። የራሴን ልንገራችሁ፣ በዚያ ዕድሜ እኔ ብሆን ኖሮ ጠባቂነቱ ጎልቶ ይታየኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ከነባር ጋር ነው። አዲሱን «አረንጓዴ» ይሉታል፣ ገና ያልበሰለ ለማለት። አሠልጣኙን በቀልድ «አባቴ» ይለዋል። ጊዜውን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚሄደው «ሞተ» ይባላል። የቤቱ ናፍቆት ጠንቶበት ሥራው አልሄድ ያለውን ደግሞ ከሻንጣ ጋር አያይዘው ይቀልዱበታል፣ ልቡ ሻንጣው ውስጥ ገብቷል እንደማለት። የወታደር ቤት ቀልድ ይመስላል። ኑሮውም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ሕጉ ብዙ ነው። ቴሌቪዥን የለም፣ ፊልም የለም፣ የዓለም ዘፈን የለም። የሴት ጓደኛ መያዝ የለም። ከተቃራኒ ጾታ ጋር ብቻ መቀመጥ የለም፤ እማማ ቤት አንገባም ያሉት በዚህ ነው፣ ንቀት መስሏችሁ ከሆነ ይቅር በሏቸው። አለባበሱም ተጽፎ የተሰጠ ነው፣ አሁን አሁን ግን ላላ ብሏል። ሴቶቹ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ሱሪ ይለብሳሉ፣ ወንዶቹም በአንዳንድ ቦታ ሰማያዊ ሸሚዝ ተፈቅዶላቸዋል።

በሳምንት አንድ ቀን የዝግጅት ቀን ይባላል። የእረፍት ቀን እንዳይሏት ነው ስሟ። ልብስ ይታጠባል፣ አስቤዛ ይገዛል፣ ፀጉር ይቆረጣል፣ ጊዜ ከተረፈ ኳስ ይጫወታሉ። ለቤተሰብ የሚጻፈውም የሚደወለውም በዚህ ቀን ነው። እስከ የካቲት 2019 ድረስ መደወል በዓመት ሁለቴ ብቻ ነበር፣ የቀረው ኢሜይል ነው። ያኔ ሕጉ ሲቀየር ያለቀሱ እናቶች ይኖራሉ ብዬ እገምታለሁ። «ልጁ እናቱን በየሳምንቱ እያየ እንዴት ልቡ ሥራው ላይ ይቆያል?» ብለው ያጉረመረሙ የድሮ ሚስዮናውያንም አይጠፉም። እኛ እንደዚያ ነው ያለፍነው የሚል ሰው የሌለበት ሃይማኖት የለም።

ቡናውስ? በ1833 ስሚዝ ተገለጠልኝ ባለው የጤና ሕግ መጠጥ፣ ትምባሆና «ትኩስ መጠጦች» ተከለከሉ። ትኩስ መጠጥ ማለት ቡናና ሻይ ነው ብለው መሪዎቹ ተረጎሙት። ስለዚህ የቀዘቀዘ ቡናም አይጠጣም፤ ትኩስ የዝንጅብል ፍል ግን ሻይ ቅጠል ካልገባበት ችግር የለውም። ኮካም ይጠጣሉ። አመክንዮውን አትጠይቁኝ፤ እነሱ የሚጠብቁት የመታዘዝ ምልክት አድርገው ነው። እኛም ረቡዕና ዓርብ ወተት የማንጠጣው ወተት መርዝ ሆኖብን አይደለም።

ወደ እምነቱ እንግባ።

ሚስዮናዊው ቤታችሁ ቢገባ አይከራከርም። ለክርክር አልሠለጠነም። የሚላችሁ ይህን ነው፦ መፅሐፈ ሞርሞንን አንብቡ፣ ከዚያ እውነት መሆኑን እግዚአብሔርን በጸሎት ጠይቁ። ሐሳቡ መጽሐፉ ራሱ መጨረሻ ላይ የተጻፈ ተስፋ ነው። መልሱ እንዴት ይመጣል? በስሜት። ደረት ውስጥ የሚሰማ ሙቀት፣ ሰላም፣ ግልጽነት። ያንን መንፈስ ቅዱስ ይሉታል። የተሰማው ይጠመቃል። ያልተሰማው ደግሞ ይሞክር ይባላል። ከእነሱ ጋር የሚነጋገር ሰው ይህን ካልያዘ ሁለቱ ወገኖች ሌሊቱን ሙሉ ሳይገናኙ ያነጋሉ። አንተ ጥቅስ ትጠቅሳለህ፣ እሱ ልቡን ያሳይሃል።

የትምህርቱ ልዩነት ሰፊ ነው። ለኦርቶዶክሱም ለጴንጤውም ትልቁ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በዓላማ አንድ ቢሆኑም ሦስት የተለያዩ አካላት ናቸው፣ በባሕርይም አንድ አይደሉም ማለታቸው ነው። ሌላው፣ የሐዋርያት ሥልጣን ከምድር ጠፍቶ በስሚዝ ተመለሰ ብለው ያምናሉ። ስለዚህ የሌላውን ጥምቀት አይቀበሉም። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የተነሳችውን እማማ እንደገና ያጠምቋታል ማለት ነው። ልጆቹ ይህን በትሕትና ቢሉትም ነገሩ ትልቅ ነው።

ታዲያ ልጁ ራሱ ያምናል? እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ በእርግጠኝነት ይወጣል። አንዳንዱ ወላጅ ስለጠበቀ፣ ጓደኞቹ ስለሄዱ፣ የወደዳት ልጅ ሚስዮን የጨረሰ ወንድ ስለምትፈልግ ይወጣል። ሁሉም ግን በቀን ብዙ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል፦ «ይህ እውነት መሆኑን አውቃለሁ።» «አምናለሁ» አይልም፣ «አውቃለሁ» ነው። ምስክርነት መስጠት ይሉታል። ከሐዋርያቶቻቸው አንዱ የነበሩት ቦይድ ፓከር ምስክርነት የሚገኘው ምስክርነትን በመስጠት ነው ብለው አስተምረዋል። እያልከው ታውቀዋለህ፣ ነው ነገሩ። በእኔ ዓይን ይህ ብልህም አሳሳቢም ነው። ብልህ ነው፣ ምክንያቱም እምነት በተግባር እንደሚጠና ማንም ገዳም የኖረ ሰው ይነግራችኋል። አሳሳቢ ነው፣ ምክንያቱም የተጠራጠረ ልጅ ጥርጣሬውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ቢጠራጠር አንድ ሜትር ራቅ ብሎ ጓደኛው ተኝቷል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ወጥቶ «አውቃለሁ» ማለት አለበት።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በ2024 መጨረሻ የሚያስተምሩ ሚስዮናውያን ከ74,000 በላይ ነበሩ። በዓመቱ አዲስ የተጠመቁት ከ308,000 በላይ ናቸው። ለአንድ ሚስዮናዊ አራት ሰው ገደማ መሆኑ ነው። አማካይ ነገር ደግሞ ይደብቃል። አፍሪካና ላቲን አሜሪካ የተመደበው ብዙ ያጠምቃል፣ አውሮፓ የደረሰው ሁለት ዓመት ለፍቶ አንድ ሰው ላያጠምቅ ይችላል። ከተጠመቁትም ሁሉም አይቆዩም። 12,000 ዶላርና ሁለት የወጣትነት ዓመት ለዚህ?

የቆሎ ተማሪውን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነበር። የቆሎ ተማሪው ባገኘው ቁራሽ ብዛት አይለካም፤ የሚታየው ከዚያ ደጅ ጥናት ምን ሆኖ እንደወጣ ነው። የሞርሞኑ ልጅም እንደዚያው ነው። በቀን 50 ጊዜ «አይ፣ አመሰግናለሁ» የተባለ የ19 ዓመት ልጅ፣ በማያውቀው ቋንቋ ያስረዳ፣ ካልመረጠው ሰው ጋር የኖረ፣ ያመነበትን በሺህ ጊዜ በአፉ የተናገረ፣ ሲመለስ ከቤተክርስቲያኑ በቀላሉ አይነቀልም። ነገ ቢሾፕ የሚሆነው እሱ ነው፣ አስራቱን የሚከፍለው እሱ ነው፣ ልጁን ለሚስዮን የሚያሳድገውም እሱ ነው። እማማ በሩን ሲዘጉበት የተሸነፈ መስሏቸው ነበር። ሥርዓቱ ግን የተዘጋውንም በር ይጠቀምበታል። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ እነሱ ዋናው ዓላማ ነፍስ ማዳን ነው ይሏችኋል፣ ውሸት የሚናገሩም አይመስለኝም።

ከእኛ ጋር ያላቸው ነገር ከበሩ ይልቃል። ጥር 27 ቀን 1985፣ በእኛ አቆጣጠር የ77ቱ ድርቅ ጊዜ፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉ ሞርሞኖች ለኢትዮጵያ ረሀብተኞች ልዩ ጾም ጾሙ። ጾማቸው ከእኛ ይለያል። በወር አንዴ፣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ሁለት ማዕድ ይተዋሉ፤ የተውትን ምግብ ዋጋ ለድሃ ይሰጣሉ። የዚያ ቀን ጾም ብቻ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠሩት የእርዳታ ሥራ መነሻው ያ ቀን ነው ይላሉ። መፅሐፈ ሞርሞን በአማርኛ ታትሟል፣ አዲስ አበባ ውስጥም ምእመናን አሏቸው። እስራኤል ላለው ወገናችን ግን በሩ አይንኳኳም። በ1980ዎቹ ኢየሩሳሌም ውስጥ የዩኒቨርሲቲያቸውን ማዕከል ሲከፍቱ እስራኤል ውስጥ ላለመስበክ በጽሑፍ ቃል ገብተዋል።

አንድ የሚከነክን ታሪክም አለ፣ ለጥቁር አንባቢ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ ሰኔ 1978 ድረስ ጥቁር ወንድ በቤተክርስቲያኒቱ ክህነት አይሰጠውም ነበር። ስለዚህ «ኤልደር» የሚል ባጅ የያዘ ጥቁር ልጅ ሊኖር አይችልም ነበር። የሚገርመው ከክልከላው በፊት ነበረ። ኤላይጃ ኤብል የሚባል ጥቁር ሰው በ1836 ክህነት ተቀብሎ በሚስዮናዊነት ተልኳል። ክልከላው ከመጣ በኋላ እንኳ፣ በሽምግልናው ጊዜ፣ በ1883 እንደገና ወጥቶ ሰብኳል፤ በተመለሰ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሞተ። ዛሬ ጋናዊው፣ ናይጄሪያዊው፣ ኬንያዊው ልጅ ባጁን ለጥፎ ይዞራል። አብዛኛው የኤብልን ስም ያውቅ እንደሆነ እንጃ።

ሳይጨርሱ የሚመለሱም አሉ። በሕመም፣ በጭንቀት፣ እምነት በመጥፋት ወይም ሕግ በመጣስ። ቤተክርስቲያኒቱ አሁን ለጤና ችግረኞች ቤታቸው ሆነው የሚያገለግሉበት መንገድ ከፍታለች፣ የሥነ ልቦና ምክርም ትሰጣለች። ሰፈሩ ግን ሰፈር ነው። ኤርፖርት ላይ በፊኛና በሰንደቅ የሚቀበል ዘመድ ለ24 ወር እንጂ ለ7 ወር አይመጣም። ምክንያቱን የሚጠይቅ ግን አይጠፋም። ከአረብ ሀገር ባዶ እጇን የተመለሰች ልጅ ይህን ስሜት ሳይነገራት ታውቀዋለች።

የጨረሰው ደግሞ ቤቱ በደረሰ ቀን የአካባቢው መሪ ዘንድ ይሄዳል። ይነጋገራሉ፣ አንዳንዴ ይላቀሳሉ። መሪው «ከአገልግሎትህ ተለቅቀሃል» ይለዋል። ልጁ ባጁን ከደረቱ ያወልቃል። ሽማግሌነቱ ቀርቶ በስሙ ይጠራል። ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ክፍሉ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ነው። ቀና ብሎ ግን ጓደኛውን ይፈልጋል።